የጨረር ሕክምና ያደረቀው አፍ፦ ውሃ፣ ማስቲካ፣ ጄል ወይስ ክኒን?

በአማርኛ የበሰለና ነገር የገባው ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይባላል። አባቴ ለጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምና ከወሰዱ በኋላ በዚህ አባባል ይቀልዱ ነበር። «ከእንግዲህ እኔ አልበስልም፤ የምውጠው ምራቅ የለኝም» ይሉናል። እንስቅ ነበር። ሌሊት ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር ተጣብቆ ሲነቁና በጣታቸው ሲያላቅቁት ያየ ሰው ግን ሳቁ አይዘልቅም።

ሕክምናው ባለቀ በስድስተኛው ወር የራስጌያቸውን መሳቢያ ከፍቼ ያለውን ቆጠርኩ። ሁለት የሚረጭ ሰው ሠራሽ ምራቅ፣ ሦስት ቱቦ ጄል፣ አንድ ጠርሙስ የአፍ መጉመጥመጫ፣ አራት ዓይነት ማስቲካ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ከወረቀቱ ጋር የተጣበቀ የሎሚ ከረሜላ። ሁሉም ተጀምሮ የተተወ ነው። ሰው የመከረንን፣ ማሸጊያው ቃል የገባልንን ሁሉ ስንገዛ ቆይተናል። ስህተታችን «የቱ ይሻላል?» ብለን መጀመራችን ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ነበረብን። ምራቅ የሚያመነጩት ዕጢዎች ጨርሰው ደርቀዋል ወይስ የተረፈ አለ? ድርቀቱ የሚከፋውስ በየትኛው ሰዓት ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከሌለዎት የሚቀሰቅስ መድኃኒትና የሚተካ ቅባት መለየት አይችሉም። ለሁለተኛው ከሌለዎት ለሌሊት የሚሆነውን በቀን፣ ለምግብ የሚሆነውን በሌሊት ሲሞክሩ ይከርማሉ።

ከመግዛት በፊት መለካት

ሦስት ጥንድ ትልልቅ የምራቅ ዕጢዎች አሉን። አንዱ ጥንድ ከጆሮ ፊትና ሥር፣ ሁለተኛው ከታችኛው መንጋጋ ሥር፣ ሦስተኛው ከምላስ ሥር ይገኛል። በከንፈር፣ በጉንጭና በላንቃ ውስጥ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ተበትነዋል። የጆሮ ሥሩ ዕጢ ቀጭን፣ ውሃ የመሰለ ምራቅ ይሰጣል፤ የሚተጋውም ስናኝክ ነው። ሳንበላ ዝም ብለን ስንቀመጥ አፋችንን የሚያርሰው በአብዛኛው የመንጋጋ ሥሩ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። በእንቅልፍ ጊዜ ግን ምንጩ ሊቆም ምንም አይቀረው፤ ጤነኛውም ሰው ጠዋት አፉ ደርቆ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ጨረር ቀድሞ የሚጎዳው ውሃማውን ምራቅ የሚሠሩትን ሴሎች ነው። መጠኑ መውረድ የሚጀምረው ገና በመጀመሪያው የሕክምና ሳምንት ነው። ቀጭኑ ሲጠፋ የሚቀረው ወፍራምና እንደ ክር የሚሳብ ይሆናል። ብዙ ታካሚ በዚህ ጊዜ «አክታ ሞላኝ፣ ምራቄ በዛ» ብሎ ማድረቂያ ይጠይቃል። የበዛ ነገር ግን የለም፤ ማቅጠኛው ነው የጎደለው። በዚህ ሰዓት ማድረቂያ መስጠት በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

ካንሰሩ ያለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ይቀበላል። የጆሮ ሥሩ ዕጢ በአማካይ ያገኘው ከ26 ግሬይ በታች ከሆነ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ደህና አድርጎ ሊያገግም ይችላል። ከዚያ እጅግ ካለፈ ጉዳቱ ዘላቂ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ቁጥሩ በሕክምና ዕቅድዎ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። የጨረር ሐኪምዎን «የግራና የቀኝ ዕጢዎቼ በአማካይ ስንት ግሬይ ደረሳቸው?» ብለው ይጠይቁ። እኛ ይህን የጠየቅነው መሳቢያው ከሞላ በኋላ ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ልኬትም አለ፤ ሁለት ትናንሽ ኩባያና አንድ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይበቃል። ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይበሉ፣ ሳይጠጡና ጥርስዎን ሳይቦርሹ ይቆዩ። አፍዎ ውስጥ ያለውን ውጠው፣ ራስዎን ጎንበስ አድርገው፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚጠራቀመውን ወደ መጀመሪያው ኩባያ ያንጠባጥቡ። ከዚያ ጣዕም የሌለው ማስቲካ ለሌላ 5 ደቂቃ እያኘኩ በሁለተኛው ኩባያ ይሰብስቡ። በዝምታው 5 ደቂቃ የተገኘው ከግማሽ ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ከሆነ ድርቀቱ ከባድ ነው። ለምርጫ የሚጠቅመው ግን በሁለቱ ኩባያዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማኘክ መጠኑን ከፍ ካደረገው በሕይወት ያለ ዕጢ አለ፤ ማስቲካውም ክኒኑም የሚሠሩበት ነገር ያገኛሉ። ሁለቱም ኩባያ ባዶ ከሆነ የሞተን ዕጢ የሚቀሰቅስ ክኒን የለም፤ ምርጫዎ ከሚተኩት ወገን ይሆናል።

የአባቴ የመጀመሪያው ኩባያ አረፋ ብቻ ነበር፤ ሲሪንጁ የሚስበው አጣ። ሁለተኛው ወደ 2 ሚሊ ሊትር ተጠጋ። ከጤነኛ ሰው አንጻር ኢምንት ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ኩባያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩት ፊታቸው ላይ የነበረውን አልረሳውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ምንም ሳይገዛ የሚሠራ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዘው ሐኪምዎ ፊት ይቅረቡ። ለአለርጂ የሚወሰደው ዳይፈንሃይድራሚን፣ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ለፊኛ የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒን፣ እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች አፍ ያደርቃሉ። በጨረር ከደረቀ አፍ ላይ ሲደመሩ የተረፈችውን ጠብታ ይቀማሉ። ራስዎ አያቋርጧቸው፤ አንዳንዱ ግን በሌላ ሊለወጥ ይችላል።

ውሃና ጨው ያለበት መጉመጥመጫ

«እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል» ይባላል። በዚህ በሽታ ተረቱ እውነት ሆኖ ያገኙታል፤ ውሃ ያልፋል እንጂ አይቆይም። ምራቅ የሚያንሸራትት ፕሮቲን፣ አሲድ የሚያበርድ ባይካርቦኔት፣ ጥርስን የሚጠግን ካልሲየምና ፎስፌት አለው። ውሃ እነዚህ የሉትም። በየደቂቃው ሲጎነጩት ደግሞ ላንቃ ላይ የቀረችውን ስስ ሽፋን አጥቦ ይወስዳል።

ስለዚህ ውሃን ለምግብ ሰዓት እመርጠዋለሁ። ደረቅ ጉርሻ አፍ ውስጥ ሲበተን ትንሽ ውሃ አፍ ውስጥ ይዞ ከምግቡ ጋር ማኘክ፣ ከዋጡ በኋላ ከመጠጣት ይሻላል። ምግቡን ራሱን በመረቅ ማራስ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ለሌሊት ውሃ ደካማ ምርጫ ነው። አባቴ በአንድ ሌሊት አንድ ሊትር ጠጥተው አራት ጊዜ ለሽንት ይነሡ ነበር፤ እንቅልፍ የነሳቸው ድርቀቱ ይሁን ፊኛው መለየት እስኪያቅተን።

ለመጉመጥመጥ ከሆነ፣ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና የዚያን ግማሽ ጨው በጥብጠው በቀን ብዙ ጊዜ ይጉመጥመጡና ይትፉት። ወፍራሙን ምራቅ ይፈታል፤ አሲዱንም ያበርዳል። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ አፍ የሚያቃጥለው «ሲያጸዳ» ነው ብሎ የሚያምን ሰው አጋጥሞኛል። የሚያቃጥለው ስለሚያደርቅና ስለሚያቆስል ነው። ከሁለቱ ሶዳው ያለ ክርክር ይበልጣል።

ማስቲካና ከረሜላ

ሁለተኛው ኩባያዎ ትንሽም ቢሆን ከመጀመሪያው ከበለጠ ስኳር የሌለው ማስቲካ ጥሩ መነሻ ነው። ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ በፈለጉበት ሰዓት ይጀምሩታል፣ ሲሰለቹ ያቆሙታል። ዛይሊቶል በሚባለው ማጣፈጫ የተሠራው ይመረጣል፤ ጥርስ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ሊመገቡት አይችሉም። ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣልም። ውሻ ያለበት ቤት ካለ ደግሞ ከውሻው ይደበቅ፤ ለሰው ደህና የሆነው ዛይሊቶል ውሻን ይገድላል።

የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ። ጨረር የመንጋጋን ጡንቻ ያደነድናል፤ አፋቸው በደንብ የማይከፈት ሰዎች ሲያኝኩ ያማቸዋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። አፉ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ሰውም ቢሆን ማስቲካው እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ለእነዚህ የሚመጠጥ ስኳር አልባ ከረሜላ ይሻላል።

እዚህ ላይ የሎሚ ነገር ይምጣ። ጎምዛዛ ነገር ምራቅ ያመጣል፤ ማንም ስለ ሎሚ ሲያስብ አፉ ውሃ ይሞላል። ለዚህም ነው ሎሚ መምጠጥ በየቦታው የሚመከረው። ነገር ግን የጥርስ ሽፋን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ወደ 5.5 ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ 2 አካባቢ ነው። ጤነኛ ሰው አሲዱን በምራቁ ያበርደዋል፤ እርስዎ የሚያበርዱበት የለዎትም። የራስዎ ጥርስ ካለ ሎሚንና ኮምጣጤ ቀመስ ከረሜላን ይተዉ። አሲዱ የተመጠነ፣ ጥርስ እንዳይጎዳ ተብሎ የተዘጋጀ ከረሜላ አለ፤ ጎምዛዛ ካማረዎት እሱን ይፈልጉ።

ሰው ሠራሽ ምራቅ፦ የሚረጨውና ጄሉ

የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2011 ያወጣው ግምገማ አፍ ውስጥ የሚደረጉትን እነዚህን ሁሉ መርምሮ፣ አንዱ ከሌላው እንደሚበልጥ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። ማስቲካ ምራቅ እንደሚጨምር አይቷል፤ ስሜቱን ከሰው ሠራሽ ምራቅ አስበልጦ እንደሚያሻሽል ግን አላየም። ስለዚህ «ከሁሉ የላቀ» የሚል ማሸጊያ ሲያዩ ፈገግ ይበሉና ይለፉት። ልዩነቱ ያለው በአጠቃቀሙ ላይ ነው።

የሚረጨው በአብዛኛው ከሴሉሎስ ዘር የሚሠራ ቀጭን ፈሳሽ ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ንግግር ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ጊዜ ይረጩታል። ቆይታው አጭር ነው፤ የተዋጠ ዕለት አበቃ። ጄል ወፍራም ነው፤ ጠዋት በስብሰባ መካከል አፍ ውስጥ መያዙ ደስ አይልም፤ ለሌሊት ግን ከሚረጨው በጣም ይበልጣል። የጄል ስህተት አብዝቶ መቀባት ነው። የአተር ፍሬ የምታህል በጣት ጫፍ ወስደው ምላስዎን፣ ላንቃዎንና የጉንጭዎን ውስጥ በስሱ ይቀቡ። ከመቀባትዎ በፊት አፍዎን በውሃ ያርሱ፤ በደረቅ ላይ የተቀባ ጄል ጠዋት ተጠቅልሎ እንደ ላስቲክ ነው የሚወጣው። እኛ ይህን እስክናውቅ ሦስቱን ቱቦዎች ተራ በተራ ረግመን ጥለናቸዋል።

ሙሲን (ምራቅን የሚያንሸራትተው ፕሮቲን) ያለበት ዓይነት ወደ ተፈጥሮ ምራቅ የቀረበ ነው፤ ብዙዎችም ከሴሉሎሱ ይልቅ ይወዱታል። አንዳንዱ ሙሲን ከአሳማ ጨጓራ ስለሚወጣ በሃይማኖት ምክንያት የማይጠቀም ሰው ጽሑፉን አንብቦ ይግዛ። በዘይት የተሠሩም አሉ፤ የወይራ ዘይት ያለባቸው ለሌሊት ይመቻሉ።

አሁን ወደ ጥፋታችን። ከተገዙት ሁለት የሚረጩ አንዱ አሲዳማ ነበር። ሻጩ አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅን። አባቴ በቀን አሥር ጊዜ ይረጩታል፤ ደስ የሚል ጎምዘዝ ያለ ጣዕም ነበረው። በአራተኛው ወር አንድ የፊት ጥርሳቸው ከድዱ አጠገብ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የተበላሸው አናቱ አልነበረም፤ አንገቱ ነበር፤ ደረቅ አፍ ጥርስን የሚገዘግዘው ከአንገቱ ዙሪያ ነው። ጥፋቱ የመርጫው ብቻ ነው ልል አልችልም፤ ድርቀቱ ራሱ ይበቃል። ግን ረድቶታል። የተፈጥሮ ጥርስ ያለዎት ከሆነ ፒኤቹ ገለልተኛ የሆነና ፍሎራይድ ያለበትን ይምረጡ፤ ማሸጊያው ላይ ሲትሪክ አሲድ ወይም ማሊክ አሲድ ከፊት ተጽፎ ካዩ ይመልሱት። ጥርስ የሌለው ሰው ይህ አያሳስበው፤ ለእሱ አሲዳማውም ይሆናል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ ሰዎች ጄሉን ከድድ ጋር በሚገናኘው ገጽ ላይ ቀብተው ቢያጠልቁት እንዳይፍቅ ይረዳል። ሌሊት ግን ያውልቁት።

ክኒኖቹ

ሁለት ስሞች ይሰማሉ፤ ፒሎካርፒንና ሴቪሜሊን። ሁለቱም የተረፈውን ዕጢ በነርቭ በኩል ይገፋሉ። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳሉ።

ፒሎካርፒን በደቡብ አሜሪካ ከሚበቅል ጃቦራንዲ ከሚባል ተክል የተገኘ ነው። በጨረር ለመጣ የአፍ ድርቀት በአሜሪካ የተፈቀደው በ1994 ነው። የተለመደው መጠን 5 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነው። በ1993 የታተመና 207 ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት ይህን መጠን መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን ጋር አወዳድሮ ነበር። ድርቀቱ ተሻለኝ ያሉት ከፒሎካርፒን ወሳጆቹ 44 በመቶ፣ ከባዶ ክኒን ወሳጆቹ 25 በመቶ ነበሩ። ሁለቱንም ቁጥሮች አብረው ይያዟቸው። ክኒኑ ይሠራል፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ግን ያን ያህል አልተሻላቸውም፤ ከአራት አንዱ ደግሞ በባዶ ክኒንም ተሽሎታል። መጠኑን ወደ 10 ሚሊ ግራም ማሳደግ በዚያው ጥናት ብዙ ሰው አስቀርቷል፤ በጎን ጉዳቱ ምክንያት ያቋረጡት በ5 ሚሊ ግራሙ 6 በመቶ፣ በ10 ሚሊ ግራሙ 29 በመቶ ናቸው።

ዋናው የጎን ጉዳት ላብ ነው። ዝም ብሎ ላብ አይደለም፤ አባቴ ከወሰዱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ይጣበቅ ነበር። «አፌን ፈልጋችሁ ጀርባዬን አራሳችሁት» አሉን። ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማቅለሽለሽም ይመጣሉ። ሌሊት የዓይን እይታ ስለሚያደበዝዝ በጨለማ መኪና መንዳት ያሰጋል። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ አስም ወይም ጠባብ አንግል ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት በሽታ ያለበት ሰው ፈጽሞ አይወስደውም። የልብ ሕመም፣ የሳንባ ሕመም፣ የሐሞት ወይም የኩላሊት ጠጠር ካለ፣ ቤታ ብሎከር የሚባለውን የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ አስቀድመው ለሐኪሙ ይናገሩ።

አንዱ ክኒን ከተወሰደ በኋላ ውጤቱ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይቆያል፤ ስለዚህ ከምግብ በፊት አስልቶ መውሰድ ይጠቅማል። ቅባት የበዛበት ምግብ ላይ ከወሰዱት ወደ ደም መግባቱ ይዘገያል። ሙሉ ጥቅሙን ለማየት እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው። 12 ሳምንት በትክክል ተወስዶ ለውጥ ካልመጣ ግን መቀጠሉ ትርጉም የለውም።

ሴቪሜሊን 30 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነው። በአሜሪካ የተፈቀደው ሾግረን ለሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የምራቅና የእንባ ዕጢዎች ለሚያጠቃበት በሽታ ነው፤ ለጨረር ድርቀት ሐኪሞች ከዚያ ወሰን ውጭ ያዝዙታል። በሰውነት ውስጥ ከፒሎካርፒን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በአስምና በግላኮማ ያለው ክልከላ ለሁለቱም ነው። በመካከላቸው አስገዳጅ የብልጫ ማስረጃ ስለሌለ ምርጫውን በቀላሉ የሚገኘውና ሰውነት የሚቀበለው ይወስነዋል። የአንዱ ላብ ያስመረረው በሌላው ሊሻለው ይችላል።

መርፌና ኤሌክትሪክ

በቀጫጭን መርፌ የሰውነትን ነጥቦች እየወጉ ስለሚያክሙበት አኩፓንክቸር እጄን አወዛውዤ ላልፍ ነበር ያሰብኩት፤ ማስረጃው ግን አቆመኝ። የካንሰር ሐኪሞችን ማኅበራት ያካተተ የ2021 መመሪያ ለጨረር ድርቀት ሊቀርብ የሚችል አማራጭ አድርጎ አስቀምጦታል። በ2019 የታተመ ጥናት ከ300 በላይ ታካሚዎችን በሂዩስተንና በሻንጋይ አሳትፎ፣ በጨረር ጊዜ የተሰጠ እውነተኛ አኩፓንክቸር ከአንድ ዓመት በኋላ ድርቀቱን ከመደበኛ እንክብካቤ በተሻለ እንደቀነሰ አይቷል። የሚገርመው ሌላው ግኝት ነው። በሻንጋይ የማስመሰያው መርፌ ከእውነተኛው አነሰ፤ በሂዩስተን ግን የማስመሰያውም ለእውነተኛው የተጠጋ ውጤት ሰጠ። ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ እንደ ጠባዩ ይተረጉመዋል። በእንግሊዝ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ታካሚዎቹ ድርቀቱ ቀለለን ሲሉ የተለካው ምራቅ አልተለወጠም ነበር። እኔ በዚህ አላፌዝም፤ ሌሊት የሚያነቃው ስሜቱ ነው፣ ሚሊ ሊትሩ አይደለም።

በመርፌ ቦታ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሪክ ነጥቦቹን የሚያነቃቃ መሣሪያም አለ። ከፒሎካርፒን ጋር ሲወዳደር ውጤቱ ተቀራራቢ፣ የጎን ጉዳቱ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ላቡ ያልተስማማው፣ ወይም አስም ያለበት ሰው ባለበት ቢገኝ ይጠይቀው። ደም የማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ወይም የደም ሴሎቹ የወረዱ ሰው መርፌውን ሳያማክር አያስገባ። በከፍተኛ ግፊት ኦክሲጅን ስለሚሰጠው ሕክምና የሚባለው ግን ለአፍ ድርቀት በቂ ማስረጃ የለውም።

በሰዓት መከፋፈል

አባቴ ዛሬ አንድ ብቻ አይጠቀሙም። ከቁርስና ከምሳ በፊት አንድ አንድ ፒሎካርፒን አለ፤ የምሽቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ትተውታል፤ ላቡ አልጋ ላይ ስለሚከተላቸው። ሰው ሲያናግሩ የሚረጨውን ይይዛሉ፤ ገለልተኛውን። ከምግብ በኋላ ሶዳው፣ ከዚያ ማስቲካ። ለሌሊት ጄል፣ ክፍሉ ውስጥ እንፋሎት የሚረጭ መሣሪያ፣ ድድ ላይ ተለጥፎ በቀስታ የሚሟሟ ዛይሊቶል ያለበት ክኒን። በአፋቸው ስለሚተነፍሱ በጎናቸው እንዲተኙ ትራስ እንደግፋቸዋለን። አሁን ሌሊት የሚነሡት አንድ ጊዜ ነው።

ሁለቱም ኩባያ ባዶ የሆነበት ሰው ከዚህ ውስጥ ማስቲካውንና ፒሎካርፒኑን ሰርዞ የቀረውን ይውሰድ። አፉ የቆሰለ ሰው ቁስሉ እስኪድን ሚንት የበዛበትን ሁሉ ይተው፤ ሚንት ጤነኛን ያቀዘቅዛል፣ የቆሰለን ይለበልባል። ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቀይ፣ የሚያቃጥል ምላስ ካዩ ደግሞ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ለፈንገሱ የሚሰጠው ፈሳሽ ኒስታቲን ብዙውን ጊዜ ስኳር አለበት፤ ጥርስ ላለው ሰው ሌላ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። ሚኮናዞል ጄል ከተሰጠዎትና ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ሳይነግሩ አይጀምሩ፤ የደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል።

ጥርስን በተመለከተ ምርጫ የለም

እስካሁን ያለው የምቾት ምርጫ ነው። ፍሎራይድ ግን ምርጫ አይደለም። ተራ የጥርስ ሳሙና ከ1000 እስከ 1500 ክፍል በሚሊዮን ፍሎራይድ አለው፤ ለደረቀ አፍ የሚታዘዘው 5000 ነው። ቦርሸው ይትፉት፣ ከዚያ በውሃ አይጉመጥመጡ። ከዚያ የጠነከረ መከላከያ ከፈለጉ የጥርስ ሐኪም በልክዎ በሚሠራው ለስላሳ ማቀፊያ ውስጥ ፍሎራይድ ጄል ሞልተው ማታ ማታ ለጥቂት ደቂቃ ያጠልቁታል፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ምንም አይበሉም፣ አይጠጡም። ከሁለቱ እኔ ማቀፊያውን እመርጣለሁ፤ ጄሉ የጥርሱን አንገት ዙሪያውን ይዞ ይቆያል። ግን በየማታው የማያደርገው ሰው 5000ውን ሳሙና ይያዝ፤ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ማቀፊያ ጥርስ አያድንም።

ጥርስ ማስነቀል ከፈለጉ ጨረር እንደወሰዱ ለነቃዩ ሳይናገሩ ወንበሩ ላይ አይቀመጡ። ጨረር ያገኘው መንጋጋ ደም ሥሩ ስለሚሳሳ ቁስሉ ላይድን፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። ይህ አደጋ ዓመታት ቢያልፉም አይጠፋም። የአባቴን ስባሪ ጥርስ የጥርስ ሐኪሟ አልነቀለችውም፤ ሥሩን አክማ፣ ስብራቱን ከድድ ጋር አስተካክላ ሸፍና ተወችው።

ጨረሩን ገና ላልጀመሩ

በብሪታንያ የተደረገውና በ2011 የታተመው ፓርስፖርት የተባለ ጥናት፣ ጨረሩን በየአቅጣጫው እየመጠነ ዕጢውን የሚያድነውን ዘዴ ከቀድሞው ጋር አወዳድሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ መካከለኛና ከባድ ድርቀት የታየባቸው በቀድሞው 74 በመቶ፣ በአዲሱ 38 በመቶ ነበሩ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ሁሉ ተደምረው ይህን ያህል አይሠሩም። ስለዚህ ቀጠሮው ላይ፣ ሕክምናው በዚህ ዘዴ ይሰጥ እንደሆነ፣ የጆሮ ሥርና የመንጋጋ ሥር ዕጢዎቼ ስንት ግሬይ ይደርሳቸዋል የሚለውን፣ ከካንሰሩ በተቃራኒው ወገን ያለውን ማዳን ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። መነቀል ያለበት ጥርስ ካለ ቁስሉ እንዲድን ከጨረሩ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ መነቀል አለበት፤ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ከጨረሩ ቀጠሮ በፊት ይያዝ።